እጅ ያወጡ ሰዎች

የኢሕአዴግ ጦር ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም አዲስ አበባን ሲቆጣጠር፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ቀበና በሚገኘው የጣሊያን ኤምባሲ አራት የደርግ መንግሥት ባለሥልጣናት ተጠግተው ነበር። አንደኛው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጡ በኋላ ለአንድ ሳምንት በተጠባባቂ ፕሬዚዳንትነት የቆዩት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ናቸው። ኤታ ማዦር ሹሙ ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህ እና ቀደም ሲል የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥራ በተጠባባቂነት ይዘው የነበሩት አቶ ኃይሉ ይመኑም አብረው ነበሩ። አቶ ኃይሉ ብዙ ሳይቆዩ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ጄኔራል ተስፋዬ በ1996 ዓ.ም እዚያው አረፉ። ሁለቱ ደግሞ በሌሉበት የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው፣ ቅጣቱ ተቀይሮላቸው በአመክሮ እስኪለቀቁ፣ እስከ 2013 ዓ.ም ድረስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዕድሜ በዚያ ግቢ ገፉ።

ይህን የእንጦጦ ቁልቁለት ለውጭ መንግሥታት ያደሉት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ እንግሊዞችም፣ ሩሲያውያንም፣ ጣሊያኖችም በዚሁ በየካ በኩል ሰፊ ሰፊ ግቢ ይዘው ዛሬም ድረስ አሉ። ዐድዋ ላይ የተሸነፈች አገር ኤምባሲ ለኢትዮጵያ ጦር አለቆች መደበቂያ ሲሆን ማየት እኔን አያስደስተኝም፤ ያሳዝነኛል። እነዚህ ሰዎች ከሰሐራ በታች ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ሠራዊት ያዝዙ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት እያለ እንዴት እዚህ ደረሱ?

ጥያቄውን ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመኑን ያላዩ ወጣቶች “መንጌ ቢኖር ኖሮ” ሲሉ መስማት የተለመደ ሆኗል። በታክሲ ውስጥ፣ በቡና ቤት፣ በስልክ ላይ በሚዞሩ የድሮ ንግግሮች ሥር ይኸው ቃል ይደጋገማል። ወጣቶቹን አልወቅሳቸውም። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በሰሜን የፈሰሰውን ደም፣ የኑሮውን ክብደት፣ አገር ወደብ አልባ መሆኗን እያዩ የሚያድጉ ልጆች፣ ጠረጴዛ እየደበደበ ስለ አንድነት የሚናገር ሰው ሲያዩ ልባቸው ቢሸፍት አይፈረድባቸውም። ክርክራቸውም አጭር ነው፤ መንግሥቱ ቆራጥ ነበሩ፣ አገሪቱ የተዳከመችው እሳቸው ሲሄዱ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ መንግሥቱ ሥልጣን ላይ የወጡበት ዘዴና አገሪቱ የወደቀችበት ምክንያት አንድ ነው እላለሁ። ያ ዘዴ እምቢ የሚልን ሰው ያለ ፍርድ ማጥፋት ነው። ዘዴውን ደግሞ ብቻቸውን አልሠሩበትም።

ደርግ ሲቋቋም ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም በ4ኛ ክፍለ ጦር ግቢ የተሰበሰቡት ከየክፍለ ጦሩ የተወከሉ መቶ ሃያ ያህል የበታች ሹማምንትና መኮንኖች ነበሩ። ሻለቃ መንግሥቱ ከሐረር፣ ከ3ኛ ክፍለ ጦር የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። መፈክሩ “ኢትዮጵያ ትቅደም” ነበር፤ ያለ ምንም ደም የሚለውም ተጨምሮበት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ በእርግጥም ደም አልፈሰሰም። ለሊቀመንበርነት የተመረጡት የደርግ አባል እንኳ ያልነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ናቸው፤ ወታደሩ “የበረሃው አንበሳ” እያለ የሚያከብራቸው።

አማን ሦስት ነገሮችን እምቢ አሉ። የኤርትራን ጉዳይ በጦር ብቻ ለመፍታት፣ የደርጉን መብዛት፣ የታሰሩትን የቀድሞ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ መግደል። ከኃላፊነታቸው ርቀው ቤታቸው ገቡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት ቤታቸው በታንክ ተከበበና ሲዋጉ ሞቱ። በዚያው ሌሊት በከርቸሌ ግቢ ስልሳ ያህል ሰዎች ተረሸኑ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ ጄኔራሎች፣ ከደርጉም ውስጥ የተቃወሙ ወታደሮች።

ከዚያ ሌሊት በፊት የሆነውን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የእነዚህን ባለሥልጣናት ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ነበር፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም። ኮሚሽኑ ሥራውን አልጨረሰም፤ ምስክር እየሰማ ነበር። ደርጉ ግን ስብሰባ ተቀመጠ። የእስረኞቹ ስም አንድ በአንድ ተነበበ፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ አባላቱ እጅ እያወጡ ድምፅ ሰጡ። ክስ የለም፤ መከላከያ የለም፤ ጠበቃ የለም፤ የተከሳሹ ፊት እንኳ አይታይም። ስም ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ስም ይታለፋል። እጅ ካወጡት መካከል ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም ብዬ አምናለሁ። የሃያና የሠላሳ ዓመት ወታደሮች ናቸው፤ ከገጠር የወጡ፣ ስለ ወሎ ረሃብ የተቆጡ፣ አገራቸውን የሚወዱ። ግን ያን ሌሊት ነግ በኔ ያለ አልተገኘም። ሰውን ያለ ፍርድ መግደል በአብላጫ ድምፅ የሚወሰን ተራ አጀንዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀረው ስሙ የሚነበበው ማን ነው የሚለው ብቻ ነበር።

ደግ ነገር አልተሠራም ማለት ደግሞ ሐሰት ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለዘመናት ሲሶና እኩል ሲገብር የኖረውን ጭሰኛ ነፃ አውጥቷል። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የወጣው ሕዝብ ደስታ እውነተኛ ነበር። መሠረተ ትምህርትም ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል። ነገር ግን መሬቱን ለአራሹ የሰጠው መንግሥት ከጥቂት ዓመት በኋላ የአራሹን እህል በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ፣ በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል መውሰድ ጀመረ። እህል ከአውራጃ አውራጃ እንዳይሻገር ኬላ ተዘረጋ። ይህ ስሕተት ነው የሚል የምጣኔ ሀብት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ የሚናገርበት ቦታ ግን አልነበረውም።

የስሙ ዝርዝር ወደ ደርጉ ተመለሰ። ታኅሣሥ 1969 ዓ.ም ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤልና ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ የደርጉን አሠራር በአዲስ መልክ አደራጁት፤ የመንግሥቱ ሥልጣን ተቀነሰ፤ የሊቀመንበሩ የብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከፍ አለ። በወረቀት ላይ የተሠራ፣ በድምፅ የጸደቀ ለውጥ ነበር። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም ተፈሪ በንቲ፣ ሞገስ፣ ዓለማየሁና ሌሎችም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከስብሰባ ተለቅመው ተገደሉ። ግድያውን እንደመሩ የሚነገርላቸው ሌተና ኮሎኔል ዳንኤል አስፋው ራሳቸው በዚያው ቀን በጥይት ወደቁ። ሞገስና ዓለማየሁ ከሁለት ዓመት በፊት ኅዳር ላይ ግድያውን የወሰነው ደርግ አባላት ነበሩ። አሁን እነሱን ከጥይት የሚያድን ሕግ ሲያስፈልግ፣ ሕጉ እነሱ ራሳቸው አባል በሆኑበት ጉባኤ ከተሻረ ቆይቷል።

ሶቭየት ኅብረት በዚህ አልደነገጠችም፤ ከሦስት ወር በኋላ መንግሥቱን ሞስኮ ላይ በክብር ተቀበለቻቸው። ሁለተኛው ምክትል ሊቀመንበር ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተም በኅዳር 1970 ዓ.ም ተረሸኑ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመንግሥቱ በላይም፣ እኩያም፣ አጠገብም የነበረ ሰው አለቀ። ቀሪዎቹ በሕይወት የቆዩት ዝም ማለትን ስላወቁበት ነው።

ቤተ መንግሥት ውስጥ የተጀመረው ወደ አደባባይ ወጣ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወሩ ሲሰባብሩ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ደርጉን የሚቃወመው ድርጅት፣ ኢሕአፓም በከተማ ሰው መግደል ጀምሮ ነበር፤ ያንን መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን መንግሥት በእጁ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና እስር ቤት እያለው “ነፃ እርምጃ” የሚል ፈቃድ ለቀበሌ አብዮት ጠባቂ ሲሰጥ፣ ጉዳዩ ከአንድ ድርጅት ጋር የሚደረግ ጠብ መሆኑ ቀረ። የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ሬሳ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ጎዳና ላይ ያድር ጀመር። እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች። የልጇን አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የከፈለች እናት ታሪክ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የሚነገር ነው። ደርጉን ደግፎ በቀበሌና በካድሬ ትምህርት ቤት ሲያገለግል የነበረው መኢሶንም ከጥቂት ወራት በኋላ ተራው ደረሰው፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዘው ተገደሉ። አገሪቱ ለዓመታት ያስተማረቻቸው ልጆች፣ ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ይሆኑ የነበሩት፣ ወይ ሞቱ፣ ወይ ታሰሩ፣ ወይ ሱዳንና አሜሪካ ተበተኑ። የዚህን ኪሳራ መጠን ማንም ቆጥሮ አልጨረሰውም።

የሶማሊያ ወረራ በዚህ መሐል መጣ። ዚያድ ባሬ ኢትዮጵያ ስትታመስ አይተው ጦራቸውን ኦጋዴን አስገቡ። በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻ፣ የኩባ ወታደርና የሶቭየት መሣሪያ ተባብረው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ይህ ድል የኢትዮጵያ ሕዝብ ድል ነው፤ በኩራት ሊዘከር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥቱን መቃወም አገርን መክዳት ተደርጎ ተቆጠረ። ጦርነት የመሪን ሥልጣን እንዴት እንደሚያጠነክር የሞቃዲሾውም ሰው ያውቁት ነበር። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተዋግተው፣ እንደ መንታ በአንድ ዓመት ወደቁ፤ ዚያድ ባሬ በጥር፣ መንግሥቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም። ሶማሊያ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንግሥት አልባ ሆነች።

1977 ዓ.ም ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ የአገዛዙ በሽታ ያለ መጋረጃ የታየው ያኔ ነውና። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ስለሚመጣው ረሃብ በ1976 ዓ.ም መጋቢት ላይ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው የደረሰው መንግሥት ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር እየተሰናዳ ነበር። ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ከተማዋን በቅስትና በመፈክር ሰሌዳ አስጌጡ፤ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። መስከረም 2 ቀን ሰልፉ ሲያልፍ ኮረም ላይ ሰው በየማለዳው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበር ነበር። ዓለም ያየው የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ጥቅምት ላይ ሲተላለፍ ነው። የሞተው ሰው ግምት ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ድርቁን መንግሥቱ አላመጡትም። ነገር ግን በትግራይና በወሎ ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ የእህል ኬላውና ኮታው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጥፎ ወሬ ይዞ ወደ መሪው የሚገባ ሰው መጥፋቱ ድርቁን ወደ እልቂት ለወጠው። ንጉሡን በወሎ ረሃብ የከሰሰ መንግሥት በዚያው በወሎ ተደገመበት። መልሱ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማስፈር ሆነ፤ ብዙው ያለ ፈቃዱ፣ ቤተሰቡ ተለያይቶ።

ከተማውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነበር፤ ሰልፉ ከንጋት ይጀመራል። የማገዶው ነገር ደግሞ እንጦጦ ላይ ይታይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ያስተከሉትና ተራራውን የሞላው ባሕር ዛፍ ከመሬት አዋጁ በኋላ የመንግሥት ሆነ፤ ከተማው ግን ምድጃውን የሚያነደው ከዚያው ነው። ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቅጠሉንና ጭራሮውን በገመድ ያስራሉ፤ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነሰውን ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ግንባራቸው ወደ መሬት ተደፍቶ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ቀበና ይወርዳሉ። ጥበቃ ካገኛቸው እንጨቱም ገመዱም ይነጠቃል፤ የዕለቱ ራት አብሮ ይሄዳል። በቁልቁለቱ ላይ ስለ ሠራተኛው መደብ የሚናገር መፈክር የተጻፈበት አጥር እያለፉ ነበር የሚወርዱት። ጭሰኛን ነፃ ያወጣሁ የሚል መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች ያደረገውን ብፈልግ ብዙ አላገኝም።

አሁን ወደ ሠራዊቱ። “መንጌ ቢኖር” የሚለው ወጣት መመለስ ያለበት ጥያቄ እዚህ አለ። ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በኤርትራ ግንባር የናደው ዕዝ አዛዥ ነበሩ፤ ወታደሩ በጀግንነታቸው የሚምልባቸው። በየካቲት 1980 ዓ.ም በመንግሥቱ ትዕዛዝ ተረሸኑ። ወታደሩ ልቡ ተሰበረ። በሚቀጥለው ወር፣ በመጋቢት፣ አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ፤ ያ ሁሉ ታንክና መድፍ በኤርትራ አማፅያን፣ በሻዕቢያ እጅ ገባ። ጠላት ያልገደላቸውን አዛዥ የራሳቸው መንግሥት ከገደላቸው በኋላ ነው ዕዙ የፈረሰው። ሌላው ምክንያት ብዙ ነው፤ የተሰላቸ ጦር፣ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ብሔራዊ ውትድርና የሚጫን ልጅ፣ በየክፍሉ አዛዡን የሚሰልል ካድሬ። ግን ከታሪኩ ዓይኔ በኋላ ግንባር ላይ ያለ አዛዥ “ይህ ዕቅድ አያዋጣም” ብሎ ወደ አዲስ አበባ መልእክት ለመላክ የሚደፍርበት ምክንያት አልነበረውም።

በየካቲት 1981 ዓ.ም ሽሬ በአማፅያን ተያዘ። ግንቦት 8 ቀን መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ ጄኔራሎቹ ተነሡ። ጦርነቱን በድርድር ለመቋጨት ነበር የፈለጉት፤ አማን አንዶም ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያሉትን ማለት ነው። ሙከራው ከሸፈ። ኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ፤ አሥመራ ላይ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ተይዘው እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። እነዚህ ሰዎች ለአገሪቱ ምን ያህል ዋጋ እንደነበራቸው ለማወቅ፣ አንድ ጄኔራል ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማሰብ ብቻ ይበቃል። ካራማራ ላይ ያሸነፈው ጦር ጭንቅላቱን በገዛ መንግሥቱ ተቆረጠ።

“መንጌ ቢኖር ወደብ አናጣም ነበር” ለሚለው ታዲያ መልሱ ይህ ነው። ምጽዋ የወደቀችው በየካቲት 1982 ዓ.ም ነው፤ መንግሥቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የጄኔራሎቹ ሙከራ ከከሸፈ ዘጠኝ ወር ሆኖት። በዚያው ወር ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። ገበሬው የጋራ እርሻውን ለማፍረስ ሁለተኛ ማስታወቂያ አልጠበቀም። ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ያንኑ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ፀረ አብዮተኛ ይባል ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም መንግሥቱ በናይሮቢ በኩል ወደ ሐራሬ ሄዱ። እስከ መጨረሻው ጥይት እንዲዋጋ ያዘዙትን ወታደር ግን እሜዳ ላይ ተዉት፤ ከሽንፈት በኋላ ያ ወታደር በየከተማው ጎዳና ላይ እጁን ለልመና ሲዘረጋ ያየን ሁሉ እናስታውሳለን።

ፍርዱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም ተጀምሮ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ፤ በይግባኝ በ2000 ዓ.ም በመንግሥቱ ላይ በሌሉበት የሞት ቅጣት ተበየነ። እስር ላይ የነበሩት ባለሥልጣናት ሃያ ዓመት ገደማ ታስረው በ2004 ዓ.ም ተፈቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ “እኛና አብዮቱ” የሚል መጽሐፍ ጻፉ፤ መንግሥቱም “ትግላችን”ን አሳተሙ። መጻሕፍቱ ይነበቡ። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ ተከሳሾች መሆናቸው አይረሳ። ከሁለቱም የሚበልጠው ሰነድ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሰበሰበው መዝገብ ነው። ደርጉ የገደለውን በወረቀት የሚገድል መንግሥት ነበር፤ ትዕዛዙ ቁጥር አለው፣ ቃለ ጉባኤው ፊርማ አለው፣ የመረሸኛው ደብዳቤ ግልባጭ የተደረገላቸው መሥሪያ ቤቶች ስም ከግርጌው ተጽፏል። ያ ሁሉ መዝገብ ለተመራማሪና ለፍርድ ቤት ብቻ የሚቀር መሆን የለበትም። ታትሞ በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ቤተ መጻሕፍት፣ የካም ሆነ ጎንደር፣ ሊገኝ ይገባል። መንግሥቱን በስልክ ላይ በሦስት ደቂቃ ንግግር የሚያውቃቸው ልጅ የእነሞገስንም፣ የታሪኩ ዓይኔንም ወረቀት በእጁ ይዞ ያንብብ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይበል።